ማሳቅ ቀላል ነው ላለው ወንድማችን

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከርሟል። እኔም ጋ ደርሶ አነበብኩት። ሐሳቡ ባጭሩ ይህን ይመስላል፦ የሆሊውድ ኮሜዲ ጊዜ መግደያ ነው፣ ቁም ነገር ያለው ድራማው ጋ ነው። የኮሜዲ ታሪክ ውሸት ነው። ኮሜዲያን ፊት ከማጣመም ያለፈ ትወና አይችሉም። ኮሜዲ ታይቶ ወዲያው ይረሳል፣ ለዚህም ኦስካር ምስክር ነው። ቀልዱ የፈረንጅ ስለሆነ እኛን አይመለከተንም። ደግሞም ዘንድሮ ሰው ሁሉ ቶሎ ስለሚቀየም ኮሜዲ ሞቶ ተቀብሯል። በመጨረሻም ጸሐፊው «ለበሰለ ሰው የሚሆኑ» ያላቸውን ፊልሞች ዘርዝሮ ይሰናበታል።

እኔ ሃያሲ አይደለሁም። ስለ ካሜራና ስለ መብራት የተማርኩት ነገር የለም። ከሥራ ገብቼ፣ እራቴን በልቼ፣ ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ የማይ ተራ ተመልካች ነኝ። ድራማም እወዳለሁ፤ ጠቤ ከድራማ ጋር አይደለም። ጠቤ ያስለቀሰ ሁሉ ጥልቅ፣ ያሳቀ ሁሉ ቀሽም ነው ከሚለው ሚዛን ጋር ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳንደናገር።

ከሆም አሎን ልጀምር። ጸሐፊው የኮሜዲ ታሪክ ውሸት ነው ለማለት የመረጠው ይህንን የ1990 ፊልም ነው። «የትኛው ቤተሰብ ነው የገዛ ልጁን ረስቶ አውሮፕላን የሚሳፈረው?» ይላል። ጥያቄው ደህና ጥያቄ ነው። ግን ፊልሙ ራሱ ጠይቆት፣ ራሱ መልሶታል። መልሱን ለማየት የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ስልክ ሳይነካኩ ማየት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ማታ እራት ላይ ትንሹ ኬቨን ከታላቅ ወንድሙ ጋር በፒዛ ይጣላል። ወተቱም ለስላሳውም ይደፋል። አባትየው የፈሰሰውን በሶፍት ሲጠራርግ የኬቨን የአውሮፕላን ትኬት አብሮ ተጠቅልሎ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል። ካሜራው ይህን ለአንድ አፍታ ያሳየንና ያልፋል። ኬቨን ተቀጥቶ ጣሪያ ሥር ያለው ክፍል ይላካል፤ ስለዚህ ከሌሎቹ ልጆች ጋር አያድርም። ሌሊት ነፋስ የመብራቱን ገመድ ይጥላል፣ የማንቂያ ሰዓቱ ይቆማል፣ ቤተሰቡ በሙሉ አርፍዶ ባንኖ ይነሳል። በዚያ ትርምስ ልጆቹ ሲቆጠሩ አንድ ነገረኛ የጎረቤት ልጅ ሻንጣ ሊበረብር መጥቶ መሐላቸው ስለቆመ ቁጥሩ ልክ ይመጣል። አውሮፕላን ውስጥ ትልልቆቹ ፊት፣ ልጆቹ ኋላ ይቀመጣሉ፤ ስለዚህ ማንም ማንንም አያይም። እናትየዋ ነቅታ ቤት ልደውል ስትል ደግሞ ያ ነፋስ የስልኩንም መስመር በጥሶታል።

እስቲ ከእነዚህ ውስጥ አንዱን አውጣው። ታሪኩ ይፈርሳል። ጆን ሂዩዝ ይህን ሲጽፍ እያንዳንዷን ቀዳዳ በእጁ እየዳሰሰ ደፍኗል። በድራማ ውስጥ አንድ ሰው ባልታሰበ ሰዓት ከድሮ ፍቅረኛው ጋር መንገድ ላይ ሲገጣጠም «ዕጣ ፈንታ» ብለን አንገታችንን እንነቀንቃለን፤ ኮሜዲ ላይ ሲሆን ግን ደረሰኝ አምጣ እንላለን። ደግሞ ፊልሙ ኬቨን ቤቱን ሊዘርፉ ለሚመጡ ሁለት ሌቦች ስለሚያጠምደው ወጥመድ ብቻ አይደለም። ሰፈሩ ሁሉ ገዳይ ነው እያለ የሚፈራው ሽማግሌ ጎረቤት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኬቨን አጠገብ መጥቶ ይቀመጣል። ከልጁ ጋር ተኳርፎ የልጅ ልጁን ስትዘምር ለመስማት ብቻ እንደመጣ ይነግረዋል። ልጁ ኬቨን ለምን አትደውልለትም ይለዋል። ይህ ሁሉ ሌቦቹ ከመምጣታቸው በፊት ነው። 18 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ፊልም በዓለም ዙሪያ ወደ 476 ሚሊዮን ያስገባው ሰው የወደቀ ሌባ ለማየት ብቻ ተሰልፎ አይመስለኝም።

ከዚሁ ፊልም ሳንወጣ ወደ ትወናው እንለፍ። ኮሜዲያን ትወና አይችሉም ላለው። ከሁለቱ ሌቦች አጭሩ፣ ጭንቅላቱ በእሳት የሚለበለበው፣ ጆ ፔሺ ነው። ይኸው ሰውዬ በዚያው በ1990፣ ሆም አሎን ከመውጣቱ ከሁለት ወር ገደማ በፊት፣ በጉድፌላስ ፊልም ደም የሚያቀዘቅዝ ወንበዴ ሆኖ ታይቷል፤ ኦስካርም የተሸለመው በዚያ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ቁጣ። አንደኛው ፊልም ላይ ስትፈራው ሌላኛው ላይ ትስቅበታለህ። ልጆች የሚያዩት ፊልም ስለሆነ ስድቡን ሁሉ በማይገባ ማጉረምረም ተካው፣ እሱ ራሱ አንድ ችሎታ ነው።

ጂም ኬሪን «ፊቱ ላስቲክ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም» ብሎታል። በ1994 ብቻ ኤስ ቬንቹራ፣ ዘ ማስክ እና ደምብ ኤንድ ደምበር ወጥተውለታል፣ ፊቱም እውነት ላስቲክ ነው። ግን ዘ ትሩማን ሾው (1998) መጨረሻ ላይ ያለውን አስታውሱ። ትሩማን፣ ሳያውቀው ሕይወቱ ሁሉ ስቱዲዮ ውስጥ ለቴሌቪዥን የሚቀረጽ ሰው፣ በጀልባው ሄዶ ሄዶ ሰማይ ጋ ይጋጫል፤ ሰማዩ ለካ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ነው። በእጁ ይዳስሰዋል፣ በትከሻው ይገጨዋል፣ ከዚያ ደረጃ አግኝቶ ይወጣል። በሩ ላይ ቆሞ ፊልሙን ሙሉ ለጎረቤት ሲላት የነበረችውን ሰላምታ በዚያው ፈገግታ ይደግማትና፣ መድረክ ላይ እንዳለ ቀልደኛ ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶ ይሄዳል። ያችን ጎንበስ ማለት ማን ይችላታል? ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያስቅ የኖረ ሰው ነው የሚችላት። ጎልደን ግሎብ የምርጥ ተዋናይነት ሽልማት ሰጠው፣ ያውም በድራማ ዘርፍ። ኦስካር ግን በዕጩነት እንኳን አላነሳውም። እዚህ ላይ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለአንባቢ ልተወው።

ሮቢን ዊልያምስን ጨርሶ አለማንሳቱ ደግሞ ገርሞኛል፤ ቢያነሳው ክርክሩ እንደማይቆም ስለገባው ሊሆን ይችላል። ጉድ ዊል ሃንቲንግ (1997) ውስጥ ሚስቱ የሞተችበት የሥነ ልቦና ሐኪም ነው። ከፊቱ የተቀመጠው ማት ዴመን አፉን አልከፍት ያለ እልኸኛ ወጣት ነው። ሐኪሙ ስለ ሟች ሚስቱ ማውራት ይጀምራል፤ ምን ይላል መሰላችሁ? በእንቅልፏ ፈስ ትፈሳ ነበር ይላል። አንድ ቀን ድምፁ በጣም ከመጉላቱ የተነሳ ውሻው ነቃ፣ እሷም ነቅታ አንተ ነህ ወይ አለችኝ፣ እውነቱን ልነግራት አልጨከንኩም ይላል። ወጣቱ በሳቅ ይፈርሳል። ይህችን ታሪክ ዊልያምስ ከጽሑፍ ውጪ ከራሱ እንደጨመራት፣ የዴመን ሳቅም የእውነት ሳቅ እንደሆነ ይነገራል፤ በደንብ ካያችሁ ካሜራው ራሱ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ፣ ሁለቱም ገና ሳቃቸውን ሳይጨርሱ፣ ሚስቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል፣ የማስታውሰው ይህንን ነው ይላል። ዊልያምስ በዚህ ፊልም ኦስካር ወስዷል። ጸሐፊው እንደሚለው ኀዘንን በኀዘን ብቻ ማሳየት የሚቻል ቢሆን ኖሮ ሰውየው የሚስቱን ፎቶ አቅፎ ቢያለቅስ ይበቃ ነበር። እንደዚያ ያለቀሱ ተዋንያን መቶ አሉ፤ አንዳቸውንም አላስታውስም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጸሐፊው ፎረስት ገምፕን (1994) እያሞካሸ «ድራማ ማለት ይህ ነው፣ ሰውን የሚለውጠው እንባ ነው እንጂ ሳቅ አይደለም» ይላል። እንዴ! የትኛውን ፎረስት ገምፕ ነው ያየው? ይሄ ፊልም ግማሹ ኮሜዲ ነው እኮ። ፎረስት ዋይት ሀውስ ይጋበዛል፤ መጠጡ በነጻ ነው ብሎ ለስላሳውን በላይ በላዩ ይገለብጠዋል። ከዚያ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ምን ይሰማሃል ሲሉት ሽንቴ መጥቷል ይላቸዋል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ፕሬዚዳንት ጆንሰን የጀግና ሜዳሊያ አጥልቀውለት፣ የቆሰልክበትን ባየው ደስ ይለኝ ነበር ሲሉት፣ ዞሮ ሱሪውን ዝቅ አድርጎ መቀመጫውን ያሳያቸዋል። ቀልዱ ሁሉ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ፎረስት የተባለውን እንደተባለ ነው የሚወስደው። ሰው ሲያሾፍበትም፣ ሲያከብረውም፣ ሲዋሸውም ልዩነቱ የገባው አይመስልም። እኛም አልገባውም ብለን እንስቃለን።

ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ጄኒ ጋ ይሄዳል። አንድ ሕፃን ልጅ አለ፣ ስሙ ፎረስት ነው። አባቱ አንተ ነህ ትለዋለች። ፎረስት ደንግጦ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ምንም አላጠፋህም ትለዋለች። ከዚያ ልጁን እያየ ጎበዝ ነው ወይስ… ብሎ ይጀምርና አረፍተ ነገሩን መጨረስ ያቅተዋል። በቃ። ከሁለት ሰዓት ያላነሰ አልገባውም ብለን ስንስቅበት የነበረው ሰው፣ ለካ ስለራሱ የሚባለውን ሁሉ ያውቅ ኖሯል። አንጀት የሚበላው ያ ግማሽ ጥያቄ ነው። ግን ያ ጥያቄ እንዲያ የሚመታን ቀድመን ስለሳቅን ነው። ሳቁን ከፊልሙ ቆርጣችሁ አውጡትና መጨረሻውን ብቻ ለማያውቅ ሰው አሳዩት፤ የሚያየው አንድ ግራ የተጋባ ሰውዬ ብቻ ነው። ቶም ሃንክስም ይህን ሥራ የተማረው ቀብር ላይ አይደለም። ከስፕላሽ (1984) እና ከቢግ (1988) ነው የመጣው፤ ቢግ ላይ የመጫወቻ መደብር ውስጥ ወለል ላይ በተዘረጋ ትልቅ ፒያኖ ላይ እየዘለለ ሙዚቃ የሚጫወት ሰውዬ ነበር፤ በዚያም የመጀመሪያውን የኦስካር ዕጩነቱን አግኝቷል።

ዘ ፐርሱት ኦፍ ሃፒነስ (2006) ላይ በከፊል እስማማለሁ። የባቡር ጣቢያው ሽንት ቤት ውስጥ ያለው ትዕይንት የማይረሳ ነው። አባት ማደሪያ አጥቶ ልጁን ይዞ ገብቷል፣ ልጁን በጭኑ ላይ አስተኝቷል፣ አንድ ሰው ከውጭ በሩን ይደበድባል፣ ዊል ስሚዝ የልጁን ጆሮ በእጁ ይዞ እንባው ይወርዳል። ጸሐፊው እዚህ ደርሶ «ቀልድ ቦታ የሌለበት ትዕይንት» ብሏል። ቆይ፣ ወደዚያ ሽንት ቤት እንዴት ገቡ? አባትየው የተሸከመውን የሕክምና መሣሪያ የጊዜ ማሽን ነው ብሎ ስለነገረው ነው። ዳይኖሰሮች ዙሪያችንን ከበውናል፣ ዋሻ እንፈልግ እያለ አጫውቶት ነው። ልጁ ዋሻ ውስጥ የገባ መስሎት ነው የተኛው። የቀረው ፊልም ግን እውነት ለመናገር ያደክማል። ማሽኑ ይሰረቃል፣ ይሮጣል፣ ማሽኑ ይገኛል፣ ይሮጣል፣ አሁንም ይሰረቃል። ታሪኩ የተወሰደበት የእውነተኛው ሰውዬ፣ የክሪስ ጋርድነር፣ ልጅ በዚያን ጊዜ ገና የሚያድግ ጨቅላ ነበር፤ ፊልሙ አምስት ዓመት ያደረገው እንዲያወራልን ነው። ይህን እንደ ነውር አልቆጥረውም። ግን የኮሜዲን ውሸት እየለቀመ የድራማን ውሸት እንደ ወንጌል የሚቀበል ሰው ሲገጥመኝ ማንሳቴ አይቀርም።

ኮሜዲ ይረሳል ለተባለው ግራውንድሆግ ዴይ (1993) ይበቃኛል። አንድ ኩሩ የቴሌቪዥን የአየር ትንበያ አቅራቢ (ቢል መሪ) ለበዓል ዘገባ ወደ አንዲት የፔንሲልቬንያ ከተማ ይሄድና ያው ቀን፣ የካቲት መጀመሪያ ላይ ያለ አንድ ቀን፣ እየተደጋገመ ይነጋበታል። ሰዓቱ በፈረንጆቹ ጠዋት ስድስት ይላል፣ ሬዲዮኑ ያንኑ ዘፈን ይዘፍናል፣ ያው ሰውዬ ደረጃው ላይ ሰላም ይለዋል። መጀመሪያ ይሳለቃል፣ ይሰርቃል፣ ሴት ያታልላል። ቀጥሎ ተስፋ ይቆርጣል። ከዚያ አንድ መንገድ ላይ የሚኖር ሽማግሌ ሲሞት ያያል። በማግስቱ፣ ማለትም በዚያው ቀን፣ ሾርባ ያበላዋል፣ ይሞታል። በሌላው ያው ቀን ጎዳና ላይ አፉን በአፉ አድርጎ እስትንፋስ ሊሰጠው ይሞክራል፣ ይሞታል። የፈለገውን ያህል ቀን ቢሰጠውም ያንን ሽማግሌ ማዳን አይችልም። ቢል መሪ ያንን ሽማግሌ አባዬ እያለ የሚጠራበት ድምፅ ከብዙ ድራማ ይበልጥብኛል። ዳይሬክተሩ ሃሮልድ ራሚስ እንደተናገረው የቡድሃ እምነት ተከታዮችም፣ አይሁድም፣ ክርስቲያኖችም ይህ ፊልም የእኛን እምነት ነው የሚናገረው እያሉ ይጽፉለት ነበር። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም በ2006 ሊጠበቁ ከሚገባቸው ፊልሞች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። የኦስካር ዕጩነት? በአንድም ዘርፍ የለም።

ስለ ኦስካር ካነሳን አይቀር፣ ጸሐፊው «ሻውሻንክ ኦስካሩን ሲያፍስ የዚያ ዓመት ኮሜዲዎች የት ነበሩ?» ብሎ ይጠይቃል። ሻውሻንክ ሪደምፕሽን በ7 ዘርፍ ታጭቶ አንድም አላገኘም። ባዶ። ያኔ ያፈሰው ፎረስት ገምፕ ነው፣ 6 ወስዷል። ሻውሻንክ እንዲያውም ሲኒማ ቤት ሲወጣ ወጪውን እንኳን አልመለሰም፤ 25 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በመጀመሪያው ዙር ያስገባው 16 ሚሊዮን ገደማ ነው። ሰው የወደደው በኋላ በኪራይ ካሴትና በኬብል ቴሌቪዥን ደጋግሞ ሲያየው ነው። ሽልማት ያልሰጠውን ተራ ተመልካች አነሳው ማለት ነው። ታዲያ ኦስካር ስለ ሻውሻንክ ከተሳሳተ ስለ ኮሜዲ እንዴት ይመናል? ደግሞስ የ2018ቱ ምርጥ ፊልም ግሪን ቡክን የሠራው ማነው? ፒተር ፋረሊ። ከወንድሙ ጋር ሆኖ ደምብ ኤንድ ደምበርን የሠራው ሰውዬ ነው፤ አንዱ ለሌላው ሆድ የሚያስቀምጥ መድኃኒት አጠጥቶት ሽንት ቤት ሲያሰቃየው ያየንበትን ፊልም። በ11 ዘርፍ ለኦስካር የታጨው ጆከር (2019)? የቶድ ፊሊፕስ ነው፣ የዘ ሃንግኦቨር ባለቤት።

ቀልዱ የፈረንጅ ነው፣ እኛን አይመለከተንም የሚለው ላይ ግን ዝም ብዬ አላልፍም። እዚህ ላይ ከሚንግ ቱ አሜሪካን (1988) «አፍሪካን መሳቂያ ያደረገ» ብሎ ጥሎታል። ዛሙንዳ የምትባለዋ አገር ፈጠራ ናት፣ ዝሆን ግቢ ውስጥ ይንጎራደዳል፣ ልዑሉ ሲሄድ አበባ ይነሰነስለታል። ይህ ያናደደው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ግን ፊልሙ የሚስቀው በማን ላይ እንደሆነ እንይ። ልዑሉ አኪም ጨዋ ነው፣ የተማረ ነው፣ ለሁሉም ሰው ሰላምታ ይሰጣል። ልዑልነቱን ደብቆ ሚስት ፍለጋ ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ ሲደርስ ሻንጣውን ወዲያው ይሰርቁታል። ጠዋት በረንዳ ላይ ወጥቶ ጎረቤቶቹን ደህና አደራችሁ ሲል በስድብ ይመልሱለታል። ወለል የሚወለውልበት ምግብ ቤት ባለቤት የትልቁን የበርገር ድርጅት ስምና ምልክት ገልብጦ፣ የነሱ ዳቦ ላይ ሰሊጥ አለ የእኔ ላይ የለም፣ ስለዚህ ልዩነት አለን እያለ ይከራከራል። ታዋቂ ስም አንድ ፊደል ለውጦ ሱቅ መክፈት ለእኛ እንግዳ ነገር ነው እንዴ?

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። በአገሩ የተከበረ ሰው ባሕር ማዶ ሄዶ መወልወያ ሲይዝ፣ አለቃውም ስለ አገሩ ምንም ሳያውቅ እንደ ሕፃን ሲያስረዳው፣ ይህን ዋሽንግተን አካባቢ ዲግሪውን ሻንጣ ውስጥ አስቀምጦ መኪና ማቆሚያ የሠራ፣ ታክሲ የነዳ ሐበሻ ካልገባው ማን ሊገባው ነው? ከእነዚህ ሰዎች ጋር ሆኖ ፊልሙን ያየ ሰው የሚስቁት የት የት ላይ እንደሆነ ያውቃል። ዝሆኑ ላይ አይደለም። ፀጉር ቤቱንም አትርሱ። ልዑሉን የሚጫወተው ኤዲ መርፊ ፀጉር አስተካካዩንም፣ ጥጉ ላይ ተቀምጦ የሚጨቃጨቀውን ነጭ አይሁዳዊ ሽማግሌም ራሱ ነው የሚጫወተው፤ በሪክ ቤከር ሜካፕ ተሸፍኖ ራሱን በራሱ ይሰድባል። ስለ ቦክሰኞች የሚያነሱት ያ ጭቅጭቅ አዲስ አበባ የትኛውም ፀጉር ቤት ውስጥ ስለ አርሴናልና ማንቼ ከሚካሄደው በምን ይለያል?

ኮሜዲ ሞቷል፣ የገደለውም ተቀያሚ ሰው ነው የሚለው አነጋገር የጸሐፊው ብቻ አይደለም፣ ብዙ ሰው ይለዋል። ሲኒማ ቤት የሚወጣ የሆሊውድ ኮሜዲ መቀነሱ እውነት ነው። ምክንያቱን ግን ቂም ውስጥ ሳይሆን ሒሳብ መዝገብ ውስጥ ብንፈልገው ይሻላል። ማት ዴመን በ2021 በሰጠው አንድ ቃለ መጠይቅ ነገሩን በደንብ አስረድቶታል። ድሮ አንድ መካከለኛ ፊልም ሲኒማ ቤት ባይቀናው ከወራት በኋላ ዲቪዲው ሲወጣ ሁለተኛ ዕድል ያገኝ ነበር። ዲቪዲ ሲጠፋ ያ ዕድል ጠፋ። ስለዚህ ስቱዲዮዎች ከሲኒማ ቤት ብቻ ትርፍ ወደሚያመጣው፣ ዓለምን ሁሉ ወደሚጠራው ትልቅ ፊልም ሄዱ። ፍንዳታ አስተርጓሚ አይፈልግም፤ ቀልድ ይፈልጋል። ኮሜዲያኑም ወደ ኦንላይን ተሻገሩ፤ አዳም ሳንድለር ከኔትፍሊክስ ጋር የተዋዋለው ገና በ2014 ነው። (የእኛ መንገድ ላይ ስምንት ፊልም በአንድ ዲቪዲ እየታጨቀ ሲሸጥ የነበረው ለሆሊውድ አምስት ሳንቲም እንዳላደረሰ አውቃለሁ፤ እኛን ከሒሳቡ አውጡን።)

በዚህ ሒሳብ የተጎዳው ደግሞ ኮሜዲ ብቻ አይደለም፤ ጸሐፊው የሚወደው መካከለኛ ድራማም አብሮ ነው የሄደው። እነ ጉድ ዊል ሃንቲንግ ዛሬ ቢሆን ሲኒማ ቤት ገብተው አሥር ሳምንት የሚቆዩ አይመስለኝም። ተመልካቹ ግን አልተቀየመም። 35 ሚሊዮን የወጣበት ሃንግኦቨር በ2009 ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ብራይድስሜይድስ በ2011 ሙሽራዋ የሠርግ ልብስ ለብሳ፣ በምግብ መመረዝ ምክንያት መሐል መንገድ ላይ ስትቀመጥ አሳየን፤ ሰው ገፍቶ ገባ፣ ሜሊሳ ማካርቲም ለኦስካር ታጨች። በ2023 መጨረሻ የወጣው ኤኒዋን በት ዩ፣ 25 ሚሊዮን ፈጅቶ ከ200 ሚሊዮን በላይ የሰበሰበ ተራ የፍቅር ኮሜዲ ነው። ባርቢማ ምን ይባላል? በዚያው ዓመት ከኦፐንሃይመር ጋር በአንድ ቀን ወጥታ ከ1.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባች። ሞተ የተባለው ሰው ቀብሩ ላይ እየጨፈረ ነው።

የምስማማበትም አለ፤ ቶሎ ልበለው። ተከታታይ ክፍል ላይ ጸሐፊው ልክ ነው። የሃንግኦቨር ሁለተኛው ክፍል የመጀመሪያው ነው፣ ከተማው ባንኮክ ሆነ እንጂ። የኤዲ መርፊ የ2021 ሁለተኛው ዛሙንዳም ባይሠራ ማንም አይጎዳም ነበር። ተዋንያኑ ለሽርሽር ሄደው እግረ መንገዳቸውን የቀረጹት የሚመስል ኮሜዲም ሞልቷል። ቀሽም ኮሜዲ ከቀሽም ድራማ የባሰ እንደሆነም አምናለሁ፤ ቀሽም ድራማ ቢያንስ እንቅልፍ ያስወስዳል።

«ኮሜዲ ሁልጊዜ በደስታ ስለሚያልቅ ይዋሻል» ያለው ግን ልክ አይደለም። ሚስስ ዳውትፋየርን (1993) ይይ። አባትየው ልጆቹን ለማየት ሲል አሮጊት ሞግዚት ሆኖ ፊልሙን ሙሉ ጉድ ሲያሳየን ይቆያል፣ ሁላችንም መጨረሻ ላይ ከሚስቱ ጋር ይታረቃል ብለን እንጠብቃለን። አይታረቁም። እንደተፋቱ ነው የሚያልቀው። እኩል ይዋደዱ የነበሩ ሰዎች አብረው መኖር ሲያቅታቸው ልጅ ምን ይሆናል የሚለውን፣ ሐቁን ሳይሸፍን፣ በዊግና በውሸት ጡት ነው የነገረን።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው እንዲሉ፣ የጽሑፉ ጉድ መጨረሻው ላይ ነው ያለው። ጸሐፊው ለበሰለ ሰው ብሎ ከዘረዘራቸው ፊልሞች አንደኛ ያስቀመጠው የቢሊ ዋይልደርን ዘ አፓርትመንት (1960) ነው፤ «ለማሳቅ የማይጨነቅ ድራማ» ሲል አድንቆታል። ፊልሙን ስላየሁት ደስ አለኝ። ጃክ ሌመን የኢንሹራንስ ጸሐፊ ነው፣ እድገት ለማግኘት ሲል የቤቱን ቁልፍ ለአለቆቹ እየሰጠ በየተራ ውሽሞቻቸውን ያመጡበታል፣ እሱ ውጭ ብርድ ላይ ይጠብቃል። ጎረቤቱ ዶክተር በየሌሊቱ የሚሰማው ድምፅ ሁሉ የሌመን መስሎት፣ ስትሞት አስከሬንህን ለምርምር ስጠን ይለዋል። የሚወዳት ልጅ በገና ዋዜማ በዚያው ቤት የእንቅልፍ ክኒን ስትውጥ ያው ዶክተር ነው በጥፊ እየመታ የሚያነቃት። ልትሞት የነበረች ሴት አልጋው ላይ እያገገመች ሌመን እራት ሊሠራላት ወጥ ቤት ገብቶ ስፓጌቲውን በቴኒስ ራኬት ያጠልላል። እየዘፈነ።

የዚያ ዓመት ኦስካር የምርጥ ፊልም ሽልማቱን ለዚህ ፊልም ሰጠ። ጎልደን ግሎብም ሸለመው፤ በኮሜዲ ዘርፍ። ወንድሜ፣ ከዝርዝርህ እንዳታወጣው ግን አደራ። አሪፍ ምርጫ ነው።